ከምረቃው በኋላ ማን ይጠብቀዋል? መሬትን በስጦታ ስለ ማቆየት ከካልጋሪ

መሬት የሚለው ቃል በእኛ በኢትዮጵያውያን መካከል ከተነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ሙግት ይዞራል። በ1965 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በ1975 የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ በ1995 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ተባለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ሁሉ መሬትን የምናውቀው «የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ገናም መቋጫ አላገኘም። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ ዛሬ ሜዳ የሆነው ነገም ሜዳ፣ ዛሬ ደን የሆነው ነገም ደን ሆኖ እንዲቆይ ወጪውን የሚችለው ማን ነው?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ የምኖርበት ከተማ ነው። በሰመር ቅዳሜና እሁድ ካልጋሪ ውስጥ ወንዝ ዳር ብቅ ያለ ሰው የሐበሻ ቤተሰብ ሳያይ አይመለስም። ኤድዎርዚ ፓርክ ሥጋ የሚጠብስ አለ፤ ፊሽ ክሪክ ልጁን ብስክሌት የሚያስተምር አለ፤ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው በቦው ወንዝ ዳር ቀስ እያሉ ሲሄዱ ይታያሉ። መንገዱን ማን ሠራው፣ ሜዳውስ እንዴት ቤት ሳይበቅልበት ቀረ ብለን ስንጠይቅ ግን አይሰማም። «ከተማው ነዋ፤ ታክስ እንከፍል የለም እንዴ!» የሚለው መልስ ይበቃናል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው እንጂ።

ሌላውን ግማሽ ላስረዳ። ካልጋሪ በአስፋልት የተነጠፉ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጉ የእግርና የብስክሌት መንገዶች አሏት። ኖዝ ሂል የሚባለውን ከ1,100 ሄክታር በላይ የሆነ የሣር ኮረብታ እናውቀዋለን፤ ቤት እንዳይሠራበት የአካባቢው ነዋሪዎች በ1970ዎቹ ታግለው ነው ዛሬ ከተማው መካከል ባዶውን የሚታየው። ከተማዋን ዙሪያዋን የሚያቅፈው 138 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ደግሞ በ2017 ሲጠናቀቅ፣ ሥራውን የመራው ማዘጋጃ ቤቱ አልነበረም። ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ ፓርክስ ፋውንዴሽን የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። መንገዱ ሮተሪ ማታሚ ግሪንዌይ ይባላል፤ ሮተሪ ክበቦቹ ናቸው፣ ማታሚ ደግሞ ቤት እየሠራ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ቤት ሻጭ ኩባንያ ስሙን በመንገድ ላይ ሲያጽፍ ጽድቅን ብቻ ፈልጎ ነው ብዬ አልከራከርም። ቢሆንም መንገዱ አለ፤ እኔም ሄጄበታለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ገንዘብ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መሬት መስጠት ሌላ። ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ወጣ ሲሉ የክሮስ ጥበቃ ቦታ ይገኛል። ሳንዲ ክሮስ የሚባሉት ከብት አርቢ በ1987 ወደ 2,000 ኤከር የሚጠጋ መሬታቸውን ለአልበርታ ክፍለ ሀገር መንግሥት ሰጡ፤ በ1996 ጨመሩበትና ጠቅላላው 4,800 ኤከር ገደማ ደረሰ፤ በእኛ መለኪያ ወደ 50 ጋሻ መሆኑ ነው። አባታቸው ኤ. ኢ. ክሮስ የካልጋሪን ቢራ ፋብሪካ ከመሠረቱት፣ ስታምፒድ የሚባለውን ትልቅ በዓል በገንዘባቸው ከጀመሩት አራት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ልጅየው ስጦታውን ሲሰጡ ዓላማውን ለይተው ነው፤ በቅድሚያ ለዱር እንስሳት መኖሪያ፣ ቀጥሎ ለወጣቶች ትምህርት። ስለዚህ ዛሬም ቦታው ላይ ከመሄድ በፊት መመዝገብ ግድ ነው፤ ውሻ ይዞ መግባት አይቻልም፤ እግረኛውም ከተቀየሰለት መንገድ አይወጣም። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። እኔ ግን ሰጪው ምን እንደሰጠ በደንብ ያውቅ እንደነበር ያሳየኛል። መሬቱ በመንግሥት ስም ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን ለዚሁ ሥራ የቆመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ይህ ክፍፍል ኋላ ላይ ይጠቅመናል፤ ያዙልኝ።

ሁለተኛው ምሳሌ በሰሜን ምዕራብ፣ በካልጋሪና በኮክሬን መካከል ያለው ግሌንቦ ራንች ነው። ኤሪክ ሃርቪ በነዳጅ ዘይት የከበሩ የካልጋሪ ጠበቃ ነበሩ። ወራሾቻቸው በ2006 ከ1,300 ሄክታር በላይ መሬት ከገበያ ዋጋ በታች ለክፍለ ሀገሩ መንግሥት ሸጡ፤ በ2008 ፓርክ ተብሎ ተሰየመ፤ በ2011 ለሕዝብ ተከፈተ። እዚህም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከመንግሥት ጎን ቆሞ ጎብኚ ያስተናግዳል፤ መራመድ ለማይችሉ አረጋውያን በጎልፍ መኪና ያዞራል። ቤተሰቡ መሬቱን ለቤት ገንቢዎች ቢሸጠው ኖሮ ምን ያህል ያገኝ እንደነበር ለመገመት የካልጋሪን የቤት ዋጋ የሚያውቅ ሰው እርሳስና ወረቀት አያስፈልገውም።

ታዲያ ይህ መሬት ለዘላለም ተጠበቀ ማለት ነውን? አይደለም። ከ2013ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ መንግሥት በቦው ወንዝ ላይ ለአዲስ ግድብ ካስጠናቸው ሦስት ቦታዎች አንዱ የዚህን ፓርክ ከፊል ውኃ ውስጥ የሚከት ነበር። መሐንዲስ ነኝና ግድብን በጭፍን አልቃወምም፤ ያን ዓመት የከተማውን መሐል ውኃ ሲውጠው አይቻለሁ። ነገር ግን መንግሥት የያዘው መሬት የመንግሥትን ሐሳብ እንደሚከተል መካድ አይቻልም። የአልበርታ መንግሥት በ2020 መጀመሪያ 164 የሚሆኑ ቦታዎችን ከፓርኮች መዝገብ ለማውጣት አቅዶ ነበር፤ ሕዝቡ በየቤቱ ደጃፍ ምልክት እየተከለ ስለጮኸ በዚያው ዓመት ማብቂያ ተወው። በዚያው በ2020 በተራሮቹ ላይ የድንጋይ ከሰል ቁፋሮን የሚገድበውን የ1976 መመሪያ ሰርዞ፣ በ2021 የካቲት መልሶ አጸናው። ሁለቱም ጊዜ የሕዝብ ጩኸት ሠራ። የመጠበቂያ ዘዴያችን ጩኸት ብቻ ከሆነ ግን አንድ ቀን ደክሞን የተኛን ዕለት ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

ለዚህ ነው የአልበርታ ሕግ በ1996 ያስገባው ዘዴ ትኩረት የሚገባው። ኮንሰርቬሽን ኢዝመንት ይሉታል፤ እኔ የጥበቃ ውል እለዋለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ወይም ከብት አርቢው መሬቱን አይሸጥም፤ ባለቤትነቱ ከእጁ አይወጣም፤ ያርሳል፣ ያግጣል፣ ለልጁ ያወርሳል። ከመብቶቹ መካከል ግን አንዱን፣ ለምሳሌ መሬቱን ቆራርሶ ለቤት መሥሪያ የመሸጥ መብቱን፣ ነጥሎ ለአንድ ባለአደራ ድርጅት ይሰጣል ወይም በዋጋ ይለቅለታል። ውሉ በመሬት መዝገብ ቤት ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ መሬቱን የገዛም የወረሰም ሰው በውሉ ይታሰራል። ከካልጋሪ በስተደቡብ በአውራ ጎዳና ቁጥር 22 ዳር የሚገኘው የዋልድረን የከብት እርባታ ባለቤቶች፣ እነሱም በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ አርቢዎች፣ በ2013 ከኔቸር ኮንሰርቫንሲ ኦፍ ካናዳ ጋር ያደረጉት ውል ከ12,000 ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ 15 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበታል። ዛሬም ከብት ይግጥበታል፤ መንደር ግን አይቆረቆርበትም። አርቢዎች ራሳቸው በ1998 ያቋቋሙት የደቡብ አልበርታ የመሬት ባለአደራ ማኅበርም ሥራው ይኸው ነው።

የቀረጡን ነገር እዚህ ላይ ካላነሳሁ ገለጻው ጎዶሎ ይሆናል። የፌዴራሉ መንግሥት ከ1995 ጀምሮ ለተፈጥሮ ጥበቃ የሚሰጥ መሬትን ወይም የጥበቃ ውልን ልዩ ስጦታ አድርጎ ይመለከታል፤ ከ2006 ወዲህ በእንዲህ ያለው ስጦታ ላይ የካፒታል ትርፍ ግብር አይታሰብም፤ ያልተጠቀሙበት የግብር ቅናሽም ለ10 ዓመት ይሸጋገራል። ይህ መሬት ላለው ነው። እንደ እኔና እንደ እናንተ ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው ሒሳቡ ቀለል ይላል። ከ2023 ጀምሮ አልበርታ በመጀመሪያው 200 ዶላር ስጦታ ላይ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 21 በመቶ ከግብር ይቀንሳል፤ ፌዴራሉ በመጀመሪያው 200 ላይ ወደ 15 በመቶ ገደማ፣ በተረፈው ላይ ለአብዛኛው ሰው 29 በመቶ ይጨምርበታል። ስለዚህ ግብር ያለበት የካልጋሪ ነዋሪ በዓመት 500 ዶላር ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቢሰጥ ወደ 300 ዶላር የሚጠጋው ከግብሩ ይቀነስለታል፤ ከኪሱ የወጣው 200 ገደማ ነው። በጎፈንድሚ ለአንድ ግለሰብ የምናዋጣው ግን፣ ቅዱስ ሥራ ቢሆንም፣ ይህን አያስገኝም።

«ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚል ወገን እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ከፊሉን እቀበላለሁ። ትልቅ መሬት ያለው ትልቅ ቅናሽ ያገኛል። መሬቱስ ከየት መጣ? ካልጋሪ የቆመችው በ1877 ሲክሲካ፣ ካይናይ፣ ፒካኒ፣ ጹቲናና ስቶኒ ናኮዳ ሕዝቦች ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር በተፈራረሙት ሰባተኛው ውል በሚሸፈን መሬት ላይ ነው፤ ውሉን እነሱ መሬትን በጋራ ስለመጠቀም፣ ዘውዱ ደግሞ መሬትን ስለመልቀቅ ነው ብለው ተረዱት። ጥበቃ በሚል ስም ሰው ከቀዬው ሲነሳ ደግሞ በአገራችንም አይተናል፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጣ። የዓለም ቅርስ ዳነ ተብሎ ሲጨበጨብ የግጭ ገበሬ ምን አለ ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። እነዚህ ነገሮች ስጦታን ዋጋ አያሳጡትም፤ ስጦታው ለማን፣ ማንን አስፈቅዶ የሚለውን እንድንጠይቅ ያስገድዱናል እንጂ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ እሱ ነውና። መሐንዲስ አንድ ነገር ሲሠራ የሚያሰላው የመሥሪያውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዕድሜ ዘመኑን ወጪ ነው። ካልጋሪ ውስጥ በክረምት ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ በአንድ ቀን በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ማታ ተመልሶ ይረጋል። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውኃ ሲረጋ ይሰፋል፤ አስፋልቱን ያነሳዋል። ከሥር የዛፍ ሥር ይገፋል። የአፈር መንገድ ደግሞ ውኃ መውረጃው ካልተጠረገለት ሁለት ክረምት ሳይሞላው ቦይ ይሆናል። የጥበቃ ውልም እንዲሁ ነው፤ ባለአደራው በየዓመቱ ሄዶ ካላየ፣ የተጣሰ ዕለት ጠበቃ ቀጥሮ ካልተሟገተ፣ ወረቀት ነው። ጠንቃቃ ባለአደራ መሬት ሲቀበል ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አብሮ ይጠይቃል። አንዳንዱ ሰው «መሬት በነጻ እየሰጠኋቸው ጭራሽ ገንዘብ ይጠይቁኛል!» ብሎ ይቆጣል። ልክ ናቸው እንጂ!

በምሳሌ እንየው። አንድ ማኅበር አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ እንበል። ሁሉንም ለግንባታ ካዋለው ምረቃው ያምራል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ልመና ይወጣል። 200 ሺውን ቋሚ ተቀማጭ አድርጎ በዓመት 4 በመቶ ብቻ ቢያወጣ፣ 8 ሺህ ዶላር በየዓመቱ ሳይለመን ይመጣል። 8 ሺህ ዶላር ብዙ አይደለም፤ ግን ቦይ ያስጠርጋል፣ ምልክት ያስቀይራል፣ የወደቀ ዛፍ ያስነሳል። እንዲህ ያለውን ተቀማጭ የሚይዙ ተቋማት አሉ፤ ካልጋሪ ፋውንዴሽን ከ1955 ጀምሮ በዚህ ላይ ነው። ችግሩ ለተቀማጭ ገንዘብ ሪባን አይቆረጥም፤ ፎቶ አይነሳም። ሰጪ ሁሉ ስሙ በድልድዩ ላይ እንዲጻፍ ይወዳል፤ በቦዩ ላይ ግን ማንም።

ይህ በሽታ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። የእኛ እንዲያውም ይብሳል። በሐምሌ 29 ቀን 2019 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ መንግሥት ያስታወቀበትን ዕለት ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያው ዓመት ግንቦት ለአንድ ገበታ 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት «ገበታ ለሸገር»ም ነበር። መትከልን አልነቅፍም፤ አዲስ አበባም ፓርክ አይገባትም አልልም። ችግኝ የሚተከልበት ቀን ይቆጠራል፤ ከብት እንዳይበላው የሚጠብቀው እረኛ ደመወዝ ግን በየትኛው ሒሳብ ነው የሚቆጠረው? በሕግም ደረጃ ይህ ዓይነት አስተሳሰብ ዋጋ አስከፍሎናል። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 ያመጣውን የ70/30 መመሪያ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ የክትትል፣ የሥልጠና፣ የትራንስፖርት ወጪ ሳይቀር «አስተዳደራዊ» እየተባለ ከ30 በመቶው ውስጥ ይገባ ነበር። እንክብካቤን እንደ ብክነት የሚቆጥር ሕግ ማለት ይህ ነው። በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ የአስተዳደር ወጪ ትርጉም በመስተካከሉ ደስ ብሎኛል።

የሚገርመው አያቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። መንዝ ውስጥ ያለው ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ ሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ለመቶዎች ዓመታት የጠበቀው ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። አስቦና ገራ የሚባሉት ሁለት ወገኖች እያንዳንዳቸው አባ ቄራ ይመርጣሉ፤ ቦታው ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፈታል፤ በዝጉ ጊዜ የገባ ይቀጣል። ልብ በሉ፤ ዋናው ነገር ክልከላው አይደለም። በየዓመቱ ወጥቶ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው፤ የጠባቂነቱም ዋጋ ሣሩ ሲከፈት ከሚገኘው ድርሻ ጋር የተያያዘ ነው። የ1975ቱ አዋጅ የመሬቱን ሥሪት ሲለውጥ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩ ተጎዳ። ኅብረተሰቡ ግን ሥርዓቱን በአዲስ መልክ በምክር ቤት አደራጅቶ መለሰው፤ በ2008 የአማራ ክልል መንግሥት የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀው። መሬቱ በሕግ የመንግሥት በሆነበት አገር የአልበርታው ዓይነት የግል የጥበቃ ውል አይሠራም፤ ጓሳ ግን መሬቱ የማንም ቢሆን የጥበቃው ሥራ የማኅበረሰቡ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። የክሮስ መሬት ላይ ያያችሁት ክፍፍል ነው፤ ስሙ በአንዱ፣ ጥበቃው በሌላው።

የቤተ ክርስቲያን ደኖችም እንዲሁ ናቸው። በደቡብ ጎንደር በራቁት ማሳ መካከል ጉች ጉች ብለው የሚታዩት አረንጓዴ ደሴቶች የገዳማትና የአድባራት ደኖች ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በእነዚህ ደኖች ላይ ነበር፤ ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚበላና ስለሚረግጥ ደኑ ራሱን መተካት እንደሚያቅተው አሳይተዋል። ከዚያም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ከትንሽ ሰጪዎች በተሰበሰበ ገንዘብ፣ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ቅጥር እንዲታጠር አደረጉ። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። በእኔ በመሐንዲሱ ዓይን ከዚህ የተሻለ ንድፍ ማምጣት ከባድ ነው። ሲሚንቶ የለ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የለ። የተናደውን ደግሞ ራሱ ምእመኑ ይክበዋል። ዳያስፖራው ለአገር ቤት መሬት መስጠት ከፈለገ ችግኝ ቆጥሮ ከመስጠት ይልቅ እንዲህ ያለውን ቅጥርና ጠባቂ ቢደግፍ እመርጣለሁ።

መንገዱስ? ለረጅም ጊዜ አንድ የካናዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘቡን ወደ ውጭ አገር ሲያደርስ ሥራው ሙሉ በሙሉ በራሱ ትእዛዝና ቁጥጥር ሥር መሆኑን ማሳየት ነበረበት፤ ለመንደር ማኅበር በቀጥታ መስጠት አይታሰብም ነበር። በ2022 የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሽሎ፣ ተገቢው ማጣራትና ሰነድ እስካለ ድረስ፣ በካናዳ ላልተመዘገበ ድርጅትም ድጋፍ መስጠት ተፈቀደ። ይህ ለእኛ ትልቅ በር ነው፤ ጥቂት ማኅበራት ብቻ ናቸው ያወቁት። በእርግጥ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ሄዶ ማየትንም ገንዘብ ማድረስንም ከባድ አደረገው። በሩ ተከፈተ ማለት መንገዱ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

«አገር ቤት ሰው እየተራበና እየሞተ ለካልጋሪ ወፍ ገንዘብ ስጡ ትለናለህ?» ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ተጠይቄያለሁ፤ ቀልድ አይደለም። መልሴ ይህ ነው። ለተራበው የምንሰጠው አይቀነስ። ግን በዓመት ለልዩ ልዩ ነገር ከምናዋጣው ከአሥሩ አንዱን ለምንኖርበት ምድር ብናደርግ ተራበ የሚባለው ወገን አይጎዳም። ልጆቻችን የሚያድጉት እዚህ ነው። ከዚህ ከተማ ሜዳ ወስደን የማንመልስ እንግዶች ሆነን ልንቀር አይገባም። ደግሞም የሰጠ ሰው ይጠየቃል፤ ወደ ስብሰባ ይጠራል፤ አንድ ቀን በቦርዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ለጓሳም ሆነ ለደቡብ ጎንደር ደን የሚሆነውን የባለአደራነት አሠራር የሚማረው እዚያ ወንበር ላይ ነው እንጂ በኢንተርኔት ክርክር አይደለም። አዲስ ነገርም አይደለም፤ እድር እናውቃለን። እድር ማለት ሰው ሳይሞት በየወሩ የሚዋጣ ገንዘብ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የሚቀመጥበት ቤት ኪራይ ሳይቀር ከመዋጮው ይከፈላል፤ ማንም «አስተዳደራዊ ወጪ» ብሎ አያጉረመርምም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ከአፍ ወደ ባንክ ሒሳብ ያሸጋገርን ሕዝብ ነን።

ስለዚህ መጀመር ለሚፈልግ የሚከተለውን እላለሁ። በካናዳ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ሁሉ በየዓመቱ ቲ-3010 የሚባል ቅጽ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ያስገባል፤ ማንም ሰው በነጻ ሊያየው ይችላል። ከመስጠታችሁ በፊት ክፈቱት፤ ምን ያህል እንደሰበሰበ፣ በምን ላይ እንዳዋለው፣ ምን ያህል ንብረትና ተቀማጭ እንዳለው ተመልከቱ። ከዚያ ደውሉና የዛሬ 10 ዓመት የመንገዱን ወይም የአጥሩን ጥገና ከየትኛው ሒሳብ እንደሚከፍል ጠይቁ። በቂ መልስ ያለው ድርጅት በጥያቄው አይቀየምም። ስጦታችሁንም «ለጥገና» ብላችሁ በጽሑፍ ለዩት፤ ያለበለዚያ ወደ አዲስ ግንባታ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ 240 ዶላር በየወሩ የሚቆረጥ 20 ዶላር ለድርጅቱ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ በጀት ሊሠራበት ይችላልና። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ጉልበት አለው፤ በፊሽ ክሪክም በካናናስኪስም የወዳጆች ማኅበራት መንገድ የሚጠርጉ በጎ ፈቃደኞች ይቀበላሉ፤ አካፋ መያዝ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ለዓመቱ ግብር የሚታሰበው እስከ ዲሴምበር 31 የተሰጠው ነው፤ ያን ዓመት ግብር የሌለበት ሰው ደረሰኙን አይጣለው፤ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ሊጠቀምበት ይችላል።